«ነፃ ናት» ብለን ነበር



በቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከኒካሕ ወረቀትና ከቤት ካርታ ጋር ተጣጥፎ የተቀመጠ አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት አለ። በላይኛው ግማሽ ላይ በማሽን የታተመ አንድ ቃል ይነበባል፤ «ኔጌቲቭ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በሐኪም እጅ የተጻፈ አንድ አጭር መስመር አለ። ያ መስመር መልስ ሳያገኝ ስድስት ወር ቆይቷል። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለዚያች መስመር ነው።

የምንኖረው ቀጨኔ ነው። ቀጨኔ ስትነሣ ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሸክላዋና ሽመናዋ ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች በደጃችን ያልፋሉ፤ ምጣድና ጀበና የሚሠሩ ጎረቤቶቻችን ጭስ ጠዋትና ማታ አይለየንም። እኛ ለእናታችን ሦስተኛ ልጅ ነን። የልጅነት ዕድሜያችንን ከፊሉን በመድረሳ፣ ከፊሉን በመንግሥት ትምህርት ቤት አሳልፈን፣ ዛሬ በሥራ ቀናት ባዮሎጂ እናስተምራለን፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሰፈር ልጆችን ቁርኣን እናስቀራለን። ይህን የምንገልጸው ራሳችንን ለማስተዋወቅ አይደለም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የቫይረስ ሥዕል እየሣለ የሚያስተምር ሰው የገዛ እናቱን የምርመራ ወረቀት እንዴት ሊስት እንደቻለ አንባቢ እንዲያውቀው ብለን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእናታችን አንገት ላይ ንፍፊት ወጣ። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፤ ቅባትም ተቀባ። እየቆየ በብብቷም ወጣና ክብደቷ ቀነሰ። ተመርምራ ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ዕጢዎች ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ሐኪሙ በሽታው የሚታከም መሆኑን ነገሩን። ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ሪቱክሲማብ የሚባል በደም ሥር የሚገባ ውድ መድኃኒት ነበረበት። ታላቅ እህታችን ወርቋን ሸጠች፤ ታላቅ ወንድማችን ዕቁቡን አስቀድሞ ወሰደ፤ የመስጊዱ ጀመዓና የሰፈሩ እድርም አልቀረብንም። አላህ ይስጣቸው።

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ የጉበት ቫይረስ ምርመራ አዘዘ። የመጀመሪያው ውጤት በዚያው ቀን ደረሰ፤ ሄፓታይተስ ቢ «ኔጌቲቭ» ሆነ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና ከሥሩ «አንቲ ኤች ቢ ሲ» ብሎ ጻፈበት። «ይህንንም አሠርታችሁ አምጡ» አለን። ይህኛው ምርመራ በዚያ ስለማይሠራ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ መሄድ ነበረብን። ጊዜው የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ነበሩ። ጾም ነው፤ ድካም ነው፤ ገንዘቡም ለዋናው መድኃኒት ገና አልሞላም። «አንዴ ነፃ ከተባለች ሁለተኛው ምን ያደርጋል?» አልን። ማታ ከተራዊሕ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ ወረቀቱን ጮክ ብለን ያነበብነው እኛ ነን። «አልሐምዱሊላህ፣ ጉበቷ ነፃ ነው» አልን። የተማረው ልጅ እኛ ስለሆንን ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

በቀጠሮው ቀን ሌላ ሐኪም ተራ ይዞ አገኘን። «የጉበት ምርመራ ተሠርቷል?» ሲለን «አዎ፣ ነፃ ናት» ብለን ወረቀቱን አሳየነው። ወረቀቱ ለሁለት ታጥፎ ነበር፤ የታየው የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው። ሆን ብለን አላጠፍነውም። ግን ደግሞ ዘርግተን አላሳየንም። በዚህ ነገር ላይ እስከ ዛሬ ራሳችንን እንጠይቃለን።

ሕክምናው ተጀመረ። ለአረፋ በዓል የአንገቷ ንፍፊት ጠፍቶ፣ እናታችን ራሷ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። ስድስቱ ዙር ሲያልቅ ሁላችንም ሹክር አደረግን። ከዚያ በኋላ ግን ድካም ያዛት፤ ምግብ አስጠላት። «የመድኃኒቱ ጣጣ ነው» አልን። በረቢዐል አወል ወር መጨረሻ አንድ ጠዋት ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ልታደርግ ወጥታ ስትመለስ የዐይኗ ነጭ ክፍል ቢጫ ሆኖ አየነው።

ጎረቤቶቻችን «የወፍ በሽታ ነው» አሉ። በሀገራችን ሰው ዐይኑ ቢጫ ሲሆን የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋበት ነው የሚለው እምነት ዛሬም አልጠፋም፤ ለዚህም ተብሎ የሚጠጣ ቅጠል ከየአቅጣጫው ይመጣል። ለእናታችንም መጣላት። ሁለት ቀን ጠጣች። ባዮሎጂ የምናስተምረው እኛ ቆመን እያየን ጠጣች፤ ምክንያቱም ሆስፒታል ሰልችቷታል፤ እኛም እንደ እሷ ደክሞናል። በሦስተኛው ቀን ቃሏ ሲንተባተብ ተሸክመን ወሰድናት።

የተቀበለን ያ የመጀመሪያው ሐኪም ነበር። የድሮ ወረቀቶቿን ጠየቀን። ያችን የታጠፈች ወረቀት ዘረጋት። የራሱን የእጅ ጽሑፍ አየና ቀስ ብሎ «መምህር፣ ይህ ተሠርቶ ነበር?» አለን። መልስ አልነበረንም። በዚያው ቀን በተደረገው ምርመራ፣ ከስድስት ወር በፊት «ኔጌቲቭ» የተባለው ቫይረስ አሁን «ፖዘቲቭ» ሆነ፤ የቫይረሱም ብዛት በደሟ ውስጥ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ።

«ከየት መጣባት? ሆስፒታል ውስጥ ያዛት ወይ?» አልነው። «አይደለም፤ ድሮም አብሯት ነበር። ተደብቆ ነው የኖረው» አለን።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ነገር ያኔ ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ በኋላም ራሳችን አንብበን እንደተረዳነው ቀለል አድርገን እናስረዳ። በመድረሳ ሉሕ ይዞ የቀራ ሰው ሁሉ ይህን ምሳሌ ያውቀዋል። ኡስታዙ በእንጨቱ ሉሕ ላይ አንቀጹን ይጽፉልናል፤ እኛ ደጋግመን እንቀራዋለን፤ ከያዝነው በኋላ ሉሑ ይታጠባል። ከዚያ በኋላ ሉሑን ያየ ሰው ባዶ እንጨት ነው ይላል። ነገር ግን የተጻፈው በልጁ ደረት ውስጥ ቀርቷል፤ «ቅራ» ሲባል ከፊደል እስከ ፊደል ይወጣል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም እንዲሁ ነው። በተለምዶ የሚደረገው ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን የላይ ልባስ፣ «ኤች ቢ ኤስ ኤጅ» የሚባለውን ነው። ይህ እንደ ሉሑ ቀለም ነው። ቫይረሱ ግን ወደ ጉበት ሕዋስ አስኳል ገብቶ የራሱን ዋና ቅጂ ያስቀምጣል። ሰውነት በሽታውን ሲያሸንፍ ቀለሙ ከደም ይታጠባል፤ ቅጂው ግን በጥቂት ሕዋሳት ውስጥ ለዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ሰውነታችን ጠንካራ ሆኖ እስከጠበቀው ድረስ ዝም ይላል። ዘበኛው የተዳከመ ቀን ተመልሶ ይነሣል። ሪቱክሲማብ ደግሞ የካንሰሩን ሕዋሳት ለመግደል ሲል ይህንኑ ዘበኛ የሚያዳክም መድኃኒት ነው።

ሐኪሞች የላይ ልባሱ ምርመራ «ኔጌቲቭ» ሆኖ ሳለ የቫይረሱ ዘር ማለትም ዲ.ኤን.ኤ. በደም ወይም በጉበት ውስጥ ሲገኝ «የተደበቀ ሄፓታይተስ ቢ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኢጣልያዋ ታኦርሚና ከተማ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ይህን ፍቺ አጽንተውታል። የሚደበቅበትም ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ የቫይረሱ ብዛት እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ነው። አንዳንዴ ቫይረሱ ልባሱን በጥቂቱ ስለሚለውጥ ምርመራው አይለየውም። አንዳንዴ ደግሞ የምንጠቀምበት ፈጣን መመርመሪያ ጥቂቱን መጠን የማንበብ አቅም ያጥረዋል።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው «ኤች ቢ ኤስ ኤጅ» ሲሆን ቫይረሱ አሁን በደም ውስጥ በግልጽ አለ ወይ? ይላል። ሁለተኛው «አንቲ ኤች ቢ ሲ» ሲሆን ይህ ሰው በሕይወቱ ከቫይረሱ ጋር ተገናኝቶ ያውቃል ወይ? ብሎ ይጠይቃል፤ ክትባት ብቻ የወሰደ ሰው ይህ ምልክት አይኖረውም። ከእሱ ጋር የሚታየው «አንቲ ኤች ቢ ኤስ» ደግሞ መከላከያ መኖሩን ያሳያል። ሦስተኛው የቫይረሱን ዲ.ኤን.ኤ. ራሱን በፒ.ሲ.አር. መሣሪያ መፈለግ ነው። የተደበቀውን በእርግጠኝነት የሚያወጣው ይህ ሦስተኛው ነው፤ እሱም ቢሆን ቫይረሱ አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ ስለሚል መደጋገም ሊያስፈልገው ይችላል። በእናታችን ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈችው መስመር ሁለተኛዋ ጥያቄ ነበረች። መልሷ ቢታወቅ ኖሮ ከካንሰሩ መድኃኒት ጋር አብሮ የቫይረሱን መከላከያ ኪኒን ትጀምር ነበር፤ ሕክምናው ካለቀም በኋላ ከአንድ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ትቀጥለው ነበር። በቀን አንዲት ኪኒን! ነገሩ ይኸው ነበር።

ይህ ነገር ለእናታችን ብቻ የመጣ ልዩ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሄፓታይተስ ቢ ልባስ በአሜሪካዊው ሐኪም በባሩክ ብላምበርግና በባልደረቦቹ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ይፋ ሆነ፤ በዚህም ምርምር ብላምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ሐምሌ 21 ቀን የሚታሰበው ዓለም አቀፍ የሄፓታይተስ ቀንም የእሱ የልደት ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2022 ሄፓታይተስ ቢ አብሯቸው የሚኖር ሰዎች ቁጥር 254 ሚሊዮን ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ወደ 1.1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚሁ ሰበብ ሞቷል። በሀገራችንም ፕሮፌሰር እደማርያም ፀጋን የመሰሉ ሐኪሞች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለዚህ ቫይረስ ሲያጠኑ ኖረዋል።

ስለ ከተማችን ስለ አዲስ አበባ የምናውቀው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ከ1,262 ቤተሰቦች የተውጣጡ፣ ዕድሜያቸው ከ50 በታች የሆነ 4,736 ነዋሪዎች ተመርምረው ከመቶው 7ቱ ቫይረሱ በደማቸው በግልጽ ተገኝቷል። ከ40 እስከ 49 ዓመት ካሉት መካከል ደግሞ ከመቶው ከ70 በላይ የሆኑት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ከቫይረሱ ጋር ተገናኝተዋል። ልብ በሉ! አብዛኞቹ ይህን አያውቁም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የታተመና በመላ ሀገሪቱ የተደረጉ ጥናቶችን ያሰባሰበ ጽሑፍም ግልጹን ቫይረስ ከመቶ 7.4 አድርሶታል። የተደበቀውን ዓይነት በተመለከተ በጎንደርና በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረጉና በ2020 (እ.ኤ.አ.) የታተሙ ጥናቶች በሀገራችን ሰዎችም ደም ውስጥ መኖሩን አረጋግጠዋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እናታችን ሆስፒታል ሃያ ሁለት ቀን ተኛች። ቴኖፎቪር የሚባለውን ኪኒን ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት እኛንም አታውቀን ነበር። በአላህ ፈቃድ ቀስ በቀስ ዐይኗ ጠራ፤ ቃሏም ተመለሰ። ቤት ስትመጣ ግን ሌላ ፈተና ጠበቃት።

በሽታው ተላላፊ መሆኑ ሲሰማ ቤቱ ተጨነቀ። ልጆች አሉ፤ ነፍሰ ጡር አለች። በእኛው ስምምነት የእናታችን ኩባያ ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታሰረበት፤ ሳህኗም ለብቻው ተቀመጠ። እሷ አንድም ቃል አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከግቢው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብላ ኩባያዋን ለብቻዋ ስታጥብ አገኘናት። «ለምን አንቺ ታጥቢያለሽ እማዬ?» ስንላት «ልጆቹን እንዳላስይዝ ብዬ ነው» አለች። እኛን ያጠበች፣ ያጎረሰች፣ እንጀራ አኝካ ያበላች እናት!

በማግሥቱ ሐኪሙን ጠየቅነው። ቫይረሱ አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመጠጣት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ፣ በሳል አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በባልና ሚስት ግንኙነት፣ እናት በምትወልድበት ጊዜና በሕፃናት መካከል በሚፈጠር ቁስልና ጭረት ነው። ከሰውነት ውጭ በፈሰሰ ደም ውስጥ ሰባት ቀን ያህል ስለሚቆይ ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫ፣ መርፌና የጥርስ ብሩሽ ለየብቻ መሆን አለባቸው። ኩባያ ግን ምን አጠፋ? ማታ ክሩን በጥሰን ከዚያው ኩባያ ሻይ ጠጣን። እናታችን አየችን፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ሁላችንም ተመረመርን። ታላቅ እህታችን ቫይረሱን ነክታ አታውቅም፤ ሦስቱን ክትባት ዛሬ፣ ከወር በኋላና በስድስተኛው ወር ወሰደች። ታላቅ ወንድማችንና እኛ ሳናውቀው ይዞን ያለፈ መሆኑ ታወቀ፤ መከላከያውም በደማችን ተገኘ። ታናሽ ወንድማችን ግን ቫይረሱ በግልጽ አለው። ምንም ሕመም ተሰምቶት የማያውቅ፣ ኳስ የሚጫወት ጎረምሳ ነው። እናታችን ይህን ስትሰማ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው። «እኔ ነኝ ያስያዝኩት?»

ሐኪሙ አጠገቧ ተቀመጠና «እማማ፣ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። በልጅነት ሲጫወት ከጓደኛው ቁስል ይሆናል፤ አንዱ ምላጭ ለሁሉም ልጅ ሲያገለግል ይሆናል። በሽታው ጥፋተኛ የለውም» አላት። እውነት ነው። በሕፃንነቱ ቫይረሱ የያዘው ልጅ ከመቶ 90 ያህሉ በሽታውን ይዞ ይቀራል፤ በጎልማሳነቱ የያዘው ግን ከመቶ 95ቱ ያህል ራሱ ያሸንፈዋል። ስለዚህ ዋናው ጥበቃ ለሕፃናት ነው። በሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ልጆች በተወለዱ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ከሚወስዱት ክትባት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው እንዲሰጥ ይመክራል።

ወንድማችን አሁን በየስድስት ወሩ ይታያል፤ ኪኒን ገና አላስፈለገውም። ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ ወዲያው መድኃኒት አይጀምርም። እዚሁ ጉለሌ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2015 የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር ተጀምሮ ነበር። ከተመዘገቡት ከ1,300 በላይ ሕሙማን ቴኖፎቪር እንዲጀምሩ የተደረጉት ሩብ ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት በክትትል ቆይተዋል። ከሰፈራችን በቅርብ ርቀት ላይ ይህን የመሰለ ሥራ መሠራቱን እኛ ያወቅነው በእናታችን ሕመም ሰበብ ነው።

እንግዲህ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ ምን እንያዝ?

በመጀመሪያ፣ አትደንግጡ። «ኔጌቲቭ» የተባለ ሰው በአብዛኛው በእርግጥም ነፃ ነው። «አንቲ ኤች ቢ ሲ» የተገኘበትም ሰው በአብዛኛው በሽታው ያለፈለት ነው እንጂ ሕመምተኛ አይደለም። ነገር ግን የካንሰር መድኃኒት፣ የአካል ንቅለ ተከላ፣ በከፍተኛ መጠን ለረዥም ጊዜ የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን ወይም ሌላ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ሕክምና የሚጀምር ሰው በአንድ ወረቀት አይበቃውም። የሄፓታይተስ ሲ ሕክምና የሚጀምርም ሰው እንዲሁ። «ሁለተኛው ጥያቄ ተጠይቋል ወይ?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት ሕመም ያለበትም ሰው እንዲሁ ይጠይቅ። ሐኪም የጻፈውን መስመር ሁሉ አሠሩ፤ ወረቀቱንም ዘርግታችሁ አሳዩ።

ሁለተኛ፣ ምላጭ። በዛሬ ጊዜ ብዙ ወጣቶች ሒጃማ (ዋግምት) ያሠራሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ምላጩ ለአንድ ሰው ብቻ የተከፈተ ይሁን፤ ዋንጫውም የሚጣል ወይም በአግባቡ ከጀርም የጸዳ ይሁን። ለኺታን፣ ጆሮ ለመብሳት፣ ጸጉር ለመላጨትም ይኸው ነው። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ጨርሶ ይቅር። ጀናዛ የሚያጥቡ ወንድሞችና እህቶችም ጓንት ያድርጉ፤ ይህ ሟቹን መጸየፍ አይደለም፤ ሕያውን መጠበቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ጋብቻ። ከኒካሕ በፊት መመርመር ጥሩ ነው፤ ግን የአንዱ ውጤት «ፖዘቲቭ» ሆነ ተብሎ ኒካሕ ለማፍረስ መቸኮል አያስፈልግም። ሌላው ወገን ክትባቱን ከወሰደና መከላከያው በደሙ መኖሩ ከተረጋገጠ በሰላም ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም በተወለዱበት ቀን ተከትበው ሊጠበቁ ይችላሉ። ይህን የምንለው ታናሽ ወንድማችንን እያሰብን ነው።

አራተኛ፣ ዐይን ቢጫ ሲሆን ወደ ቅጠል አትሩጡ። የተጎዳ ጉበት ላይ ምንነቱና መጠኑ ያልታወቀ ነገር መጨመር ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላል። መታከም ሱንና መሆኑን ኡስታዞቻችን አስተምረውናል፤ ተወኩል ማለትም ግመሏን ሳያስሩ መተው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ግን ያን ጊዜ ሳናስር ተውን።

ለመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። የታጠፈችዋን ወረቀት ታሪክ ለእናታችን ለረዥም ጊዜ አልነገርናትም። ሁሉም ሰው «የመድኃኒቱ ጣጣ» እያለ ሲያወራ ዝም እንል ነበር። ባለፈው ረመዳን፣ በዚያው በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት፣ ከኢፍጣር በኋላ ወረቀቱን ከቁም ሣጥኑ አውጥተን ከፊቷ ዘረጋነው። ማንበብ ስለማትችል ጣታችንን በመስመሯ ላይ አድርገን አነበብንላት፤ እንዴት እንዳላሠራናትም ነገርናት። ለረዥም ጊዜ ተስቢሕ እያደረገች ዝም አለች። ከዚያ «እኔ አውፍ ብዬሃለሁ ልጄ። የተጻፈው ተጽፏል። ግን ለሰው ንገር፤ የሌላ ሰው እናት እንዳትያዝ» አለችን።

ይህን የጻፍነው ስለዚህ ነው። እናታችን ዛሬም ከእኛ ጋር ናት፤ በየምሽቱ ከዒሻ ሶላት በኋላ ኪኒኗን ከዚያው ኩባያ ውኃ ጠጥታ ትውጣለች። የኩባያው ጆሮ ላይ ክሩ የነበረበት ቦታ እስከ ዛሬ ትንሽ ቀላ ይላል።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ያሽርልን፤ ያወቅነውን የምንሠራበት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።